ቀስተኛና ባለ መዝልሎደር በአንድ የአደን ወቅት ሲያድኑ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ቀስተኛው አጋዘን ለማደን ዛፍ ላይ ማማው ውስጥ አድፍጦ ሳለ፣ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዝ የሚያጎርስ መዝልሎደር የያዘ አዳኝ ከሥሩ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። (አጋዘን ስንል የአሜሪካውን ነው፤ የአገር ቤቱ ባለ ጠምዛዛ ቀንድ ሌላ እንስሳ ነው።) ወቅቱን ይጋሩ ወይስ ይለያዩ? በእኛ እምነት ቀናቱ ጥቂት ከሆኑ፣ ከስሪያ ወቅት ውጭ ከዋሉና ሁሉም ደማቅ ቀለም ከለበሰ ይጋሩ። ክርክሩንም አደኑንም የሚያበላሹት ግን የሚከተሉት ናቸው።

«ሁለቱም የጥንት መሣሪያ ናቸው» ብሎ መነሣት

ቀስት ዛሬም ከ20 እስከ 40 ሜትር የሚሠራ መሣሪያ ነው። መዝልሎደር ግን በ1985 ናይት ኤምኬ-85 የተባለው ሞዴል ከወጣ ወዲህ ተቀይሯል፤ መለኮሻው ከባሩዱ በስተጀርባ በቀጥታ ስለሚቀመጥ አስተማማኝ ነው፣ አጉሊ ማነጣጠሪያ ሲገጠምለት ደግሞ 150 ሜትር ላይ ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው መዝልሎደር?» የሚለው ነው። ኮሎራዶ አጉሊ ማነጣጠሪያንም እንደ እንክብል የተጠፈጠፈ ባሩድንም ትከለክላለች። ፔንሲልቬንያ ከፈረንጆቹ ገና በኋላ የምትፈቅደው በባልጩት ብልጭታ የሚለኮሰውን ብቻ ነው፤ ቀስተኛውም በዚያው ሰሞን ያድናል። መሣሪያው እንዲህ ሲገደብ መጋራቱ ይቀላል።

«ደማቅ ልብስ አጋዘኑን ያባርራል» ማለት

ይህ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። አጋዘን ቀይን ለይቶ የሚያይበት የዓይን ሕዋስ የለውም፤ ብርቱካንማው ደብዛዛ ሆኖ ነው የሚታየው። አጥርቶ የሚያየው ሰማያዊንና ከሐምራዊ በላይ ያለውን ጨረር ነው። ስለዚህ የአደን ልብሳችሁን «ነጭ ያበራል» በሚባል ሳሙና አትጠቡት። የሚያጋልጣችሁ ቀለሙ ሳይሆን በሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጸባረቂያ ነው።

በሜሪላንድ የመዝልሎደር ወቅት ሲከፈት ቀስተኛውም ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሮዝ ይለብሳል፦ ሙሉ ኮፍያ፣ ወይም ከፊትም ከኋላም 250 ካሬ ኢንች የሚሸፍን ሰደርያ። በኮሎራዶ ባለ መዝልሎደሩ 500 ካሬ ኢንች ለብሶ ሳለ ቀስተኛው ግን አይገደድም ነበር፤ በሴፕቴምበር 2021 አንድ ቀስተኛ በመዝልሎደር ተተኩሶበት ሞቷል። ሕጉ ባያስገድዳችሁም ልበሱ። ማማ ላይ ከሆናችሁ ከራሳችሁ በላይ ባለው ቅርንጫፍም ብርቱካንማ ጨርቅ እሰሩ።

ቀኖቹን እንደ እኩል መቁጠር

በኦክቶበር የሚጋሩት ሦስት ቀንና በኖቬምበር የሚጋሩት ሁለት ሳምንት አንድ አይደሉም። በአትላንቲክ ዳርቻ መካከለኛ ግዛቶች ስሪያው የሚጦፈው በኖቬምበር አጋማሽ ግድም ነው፤ ወንዱ በቀን የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። በቨርጂኒያ የመዝልሎደሩ ወቅት የሚከፈተው ልክ ወደዚያው ሲቃረብ ነው። «የመዝልሎደር ተኩስ አደናችንን ያበላሻል» የሚለው የቀስተኞቹ ቅሬታ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ተኩስ የሰማ ወንድ አጋዘን በቀስት ርቀት ውስጥ በቀላሉ አይገባም።

የቆሰለ አጋዘንን አለመለየት

ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ሳንባ የተመታን አጋዘን ግማሽ ሰዓት፣ ሆድ የተመታን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሳይከተሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ወቅቱ የጋራ ሲሆን ታዲያ ሌላው በዚያ መካከል ሊደርስበት ይችላል። ባለ መዝልሎደር ከሆናችሁ ቃታ ከመሳባችሁ በፊት ጎኑን ተመልከቱ፦ የተሰካ ፍላጻ፣ ደም፣ የተጎበጠ አረማመድ። ወድቆ ካገኛችሁት ሳትነኩት ባለቤቱን ፈልጉ።

በጭሱ ውስጥ መቸኮል

ከተኩሱ በኋላ ጭሱ ዒላማውንም ከጀርባው ያለውንም ሰው ይሸፍናል፤ ሳይጠራ አትንቀሳቀሱ። ደጋግሞ የሚታየው ችግር በጥድፊያ ሁለት ጊዜ ማጉረስ ነው፤ ይህ አፈሙዙን ሊያፈነዳ ይችላል። መጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ ባዶ ሲሆንና በትክክል ሲጎርስ የሚደርስበትን ሁለት ምልክት አድርጉ፣ ሁልጊዜም አመሳክሩ። ጭስ አልባ ባሩድ ፈጽሞ አትጨምሩ፤ የተፈቀደውንም በክብደት ሳይሆን በስፍር መለኪያው ለኩ። ማማ ላይ ስትወጡ መለኮሻውን አውጥታችሁ ጠመንጃውን በኋላ በገመድ ሳቡት፣ አፈሙዙ ወደ እናንተ እንዳይዞር።

መመሪያው ከታተመ በኋላ ማጉረምረም

ወቅቶቹን የሚወስነው የግዛቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን ነው፤ የሕዝብ አስተያየት የሚቀበለውም ከመወሰኑ በፊት ነው። «ተበደልን» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የትኛው የአደን ክልል፣ የትኞቹ ቀናት፣ የትኛው የመዝልሎደር ዓይነት፣ እንስት ብቻ ወይስ ወንድም ጭምር እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።