የፕራግን የአይሁድ ሰፈር በአንድ ቀን ስትጎበኙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከጀርመን ወደ ፕራግ በአውቶቡስ መሄድ ቀላል ነው። እኛም የመጀመሪያ ጊዜ የሄድነው ለሳምንቱ መጨረሻ ነበር። አርብ ማታ ገባን። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ በልተን በቀጥታ ወደ ዮሴፎቭ፣ ማለትም ወደ ጥንቱ የአይሁድ ሰፈር አመራን። በሮቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ። እሁድ ጠዋት ደግሞ የመመለሻ አውቶቡሳችን ነው። ምንም ሳናይ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከአስጎብኚ ጋር ሄጄ ሰፈሩን በደንብ አይቻለሁ። ሌላ ሰው የእኛ ነገር እንዳይደርስበት ስለምፈልግ ይህን ጻፍኩ።

ቅዳሜ መሄድ

የአይሁድ ሰንበት አርብ ጀንበር ስትጠልቅ ይገባል። ቀዳሚት ሰንበትን ለምናውቅ ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን የጉዞ ዕቅድ ስናወጣ ይረሳል። የአይሁድ ሙዚየም ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ቀን ዝግ ነው። በተለይ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ በዓሎቻቸው ስለሚደራረቡ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። እሁድ ክፍት ነው። አርብ ከሄዳችሁ ደግሞ በጠዋት ጀምሩ።

ምን እንደሚያካትት ሳይጠይቁ መክፈል

ብዙ ሰው ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቲኬት ያለው ይመስለዋል። የፒንካስ፣ የማይዝል፣ የክላውሰንና የስፔን ምኩራቦች እንዲሁም አሮጌው መቃብር በሙዚየሙ ሥር ናቸው። በ1270 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራውና እስከ ዛሬ ጸሎት የሚደረስበት "አሮጌ-አዲስ ምኩራብ" ግን የአይሁድ ማኅበረሰቡ ነው። ስለዚህ አስጎብኚ ስትይዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። አሮጌ-አዲሱ ምኩራብ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? አስጎብኚው አብሮን ይገባል ወይስ ደጅ ቆሞ አስረድቶ ይለቀናል? ሁለተኛው ጥያቄ ከዋጋው ይበልጣል።

ኮፍያ ማውለቅ

እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ወንዶች ኮፍያ እናወልቃለን፤ ምኩራብ ውስጥ ግን ወንድ ራሱን ይሸፍናል። የራሳችሁ ኮፍያ ይበቃል።

ፒንካስን ከሌሎቹ እኩል ማየት

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንዳንድ ጉብኝት አምስት ቦታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያዞራል። በዚያ ፍጥነት ፒንካስን ከምታዩት ባታዩት ይሻላል።

ፒንካስ በ1535 የተሠራ ምኩራብ ነው። ግድግዳዎቹ ላይ የዛሬዋ ቼክ ክፍሎች ከሆኑት ከቦሄሚያና ከሞራቪያ ተወስደው በናዚዎች የተገደሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ስም በእጅ ተጽፏል። ስሞቹ የተደረደሩት ሰዎቹ ይኖሩበት በነበረው ከተማ ነው። የቤተሰቡ ስም በቀይ ይጻፍና የእናት፣ የአባት፣ የልጆች ስም ከነትውልድ ቀናቸው ይከተላል። ከሩቅ ስታዩት የግድግዳ ጌጥ ይመስላል። ቀረብ ስትሉ ነው ስም መሆኑ የሚገለጽላችሁ።

ስሞቹ መጀመሪያ የተጻፉት ከ1954 እስከ 1959 ነው። በ1968 የከርሰ ምድር ውኃ ሕንጻውን ስለጎዳው ምኩራቡ ተዘጋ፤ ጽሑፉም ጠፋ። ኮሚኒዝም ከወደቀ በኋላ ከ1992 እስከ 1996 ድረስ እንደገና አንድ በአንድ ተጻፈ። ያን ሁሉ ስም ሁለት ጊዜ!

ፎቅ ላይ ናዚዎች አይሁዳውያንን ካጎሩበት ከቴሬዚን ካምፕ የተገኙ የሕፃናት ሥዕሎች አሉ። ፍሪድል ዲከር-ብራንደይስ የተባለች ሠዓሊ በካምፑ ውስጥ ሕፃናትን ሥዕል ታስተምር ነበር። በጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትዝ ከመወሰዷ በፊት 4,500 ያህል ሥዕሎችን በሁለት ሻንጣ ደብቃ ተወች። እሷ እዚያው ተገደለች። ሥዕሎቹ ተረፉ። ቤት፣ ቢራቢሮ፣ የተዘረጋ ማዕድ አለባቸው። እዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡ፤ ያውም ጠዋት፣ ሳትደክሙ። ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ስለሚያየው ነገር አዋሩት።

መቃብሩን የፎቶ ቦታ ማድረግ

ከፒንካስ ስትወጡ አሮጌው መቃብር ነው። 12,000 ያህል ድንጋይ ዘመም ዘመም ብሎ ተጨናንቋል። ሰው ያየውና "ውይ፣ ሲያምር" ብሎ ስልኩን ያወጣል። ለምን እንደተጨናነቀ ካልተነገራችሁ ግን ምንም አላያችሁም። አይሁድ ሌላ የመቀበሪያ ቦታ አልተፈቀደላቸውም ነበር። አሮጌን መቃብር ማንሳት ደግሞ ሃይማኖታቸው ይከለክላል። ስለዚህ አፈር እያለበሱ በላዩ ቀበሩ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 12 ድርብ ይደርሳል። የታችኛው ሰው ድንጋይ ወደ ላይ እየተነሳ ከአዲሱ ጎን ቆመ። የመጀመሪያው ድንጋይ የ1439 ሲሆን የረቢ አቪግዶር ካራ ነው። እዚህ መቅበር የተቋረጠው በ1787 ነው።

አስጎብኚያችሁ ምልክቶቹን እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ለቡራኬ የተዘረጉ ሁለት እጆች ካዩ ሟቹ ከካህናቱ ከአሮን ዘር ነው። ማንቆርቆሪያ ካለ ሌዋዊ ነው፤ የካህናቱን እጅ የሚያስታጥብ። በ1609 የሞተው የታላቁ ረቢ የይሁዳ ሌው መቃብር ላይ አንበሳ ተቀርጿል። "ይሁዳ የአንበሳ ደቦል ነው" የሚለውን ለሚያውቅ ሐበሻ ይህ ትርጉም አያስፈልገውም። ጎብኚዎች መቃብሩ ላይ ትናንሽ ጠጠር ያኖራሉ። እዚያ የተቀመጠ ጠጠርም ሆነ ወረቀት አትንኩ።

ያማረውን ወሬ ሁሉ እንደ ታሪክ መያዝ

ረቢ ሌው ከጭቃ ጎለም የተባለ ፍጡር ሠርቶ ሰፈሩን ያስጠብቅ ነበር ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው። ከረቢው ስም ጋር የተያያዘው ግን እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እውነተኛው ሰውዬ ከተረቱ አያንስም። ልጅ እንደ ዕድሜው በደረጃ ይማር ብሎ የተከራከረ ሊቅ ነው። በ1592 ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ሁለተኛ ቤተ መንግሥት ድረስ አስጠርቶ አነጋግሮታል።

ሌላም አለ፤ በሙዚየሙ ስላለው የምኩራብ ዕቃ። "ሂትለር ይህን ሁሉ ዕቃ ያቆየው ለጠፋ ዘር ሙዚየም ሊያደርገው ነው" ይሏችኋል። ይህን ያዘዘበት ሰነድ አልተገኘም። በጦርነቱ ጊዜ ከየከተማው ምኩራብ የመጣውን ዕቃ የመዘገቡት አይሁዳውያን ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም በኋላ ወደ ካምፕ ተላኩ። ዕቃውን የሂትለር ስጦታ ማድረግ የእነሱን ድካም መቀማት ነው።

"የስፔን ምኩራብ" ተብሎም የስፔን አይሁዶች አልሠሩትም። ስሙን ያገኘው በ1868 ሲሠራ ከተከተለው የሙሮች፣ ማለትም ስፔንን ይገዙ የነበሩ ሙስሊሞች፣ የጌጥ ስልት ነው።

ሰፈሩ የጥንቱ እንደሆነ ማሰብ

በዙሪያው የምታዩት ፎቅና የፓሪዥስካ ጎዳና ውድ ሱቆች የጥንቱ ሰፈር አይደሉም። በ1893 በወጣ ሕግ ጠባቦቹ መንገዶችና ቤቶች ለጽዳት ተብሎ ፈረሱ። የቀሩት ስድስት ምኩራቦች፣ መቃብሩና የአይሁድ ማዘጋጃ ቤት ናቸው። በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ቀና ብላችሁ ሰዓቱን እዩ። ቁጥሮቹ የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ዘንጎቹም ወደ ግራ ይዞራሉ።

ቴሬዚንን በዚያው ቀን መጨመር

ከፕራግ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅርብ ይመስላል። ከ140,000 በላይ ሰው የታጎረበት፣ 33,000 ያህሉ እዚያው የሞቱበት ቦታ ነው። ለብቻው አንድ ቀን ያዙለት።

ከዮሴፎቭ አለመውጣት

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ቻርልስ ድልድይ ሂዱ። ከአሮጌው ከተማ ስትሻገሩ በስተቀኝ የስቅለት ሐውልት ታገኛላችሁ። በዙሪያው በወርቅ የዕብራይስጥ ፊደላት "ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባዖት" ይላል። በቅዳሴ የምንሰማው ቃል ስለሆነ እኔ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በ1696 ኤልያስ ባኮፈን የተባለ አይሁዳዊ መስቀሉን ሰድቧል ተብሎ ተከሰሰ፤ ቅጣቱም ፊደላቱን በራሱ ገንዘብ ማሠራት ሆነ። አይሁድ በየዕለቱ የሚጸልዩትን ቃል ወስደው ማዋረጃ አደረጉት። ይህን የሚያስረዳ ጽሑፍ ከሥሩ የተለጠፈው በ2000 ነው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ፎቶ ያነሳና ያልፋል። እናንተ ዝቅ ብላችሁ አንብቡት።