ንስሐን ታሪክ ማድረግ፦ ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ ለተነሣ ሰው

ከብዙ ዓመታት በፊት በመንዝ በአንድ የገጠር ደብር፣ ሰንበቴ በሚጠጣበት እሑድ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ለማኅበርተኞቹ አነበብሁ። ታሪኩ የጎረቤቱን ድንበር ስለገፋ ገበሬ ነበር፤ ሰውየው ስብከት ሰምቶ ልቡ ይነካል፣ ሦስት ገጽ የሚሞላ ጸሎት እያነባ ይጸልያል፣ ታሪኩም በዚያው ያበቃል። ሰዎቹ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ጠላ ሲቀዱ የነበሩ አንዲት እናት ግን ማንቆርቆሪያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ስብከቱንስ ቄሱም ይነግሩናል፤ ሰውየው መሬቱን መለሰ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልመለሰም ነበር፤ እኔም ነገሩን ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር በአብዛኛው ከዚያች ጥያቄ የተወለደ ነው።

ለመጻፍ ስትቀመጡ በቅድሚያ የገጸ ባሕርያችሁን ዕዳ ፈልጉ። ማንን በደለ? ምን ያህል ወሰደ? ከመቼ ጀምሮ? ከእርሱ ሌላ ማን ያውቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥርና በስም መልስ ሳይገኝ «ኃጢአተኛ ነበር» ብሎ መጻፍ ለአንባቢ ምንም አይነግርም። ድንበር የሚገፋ ሰው ድንጋዩን በአንድ ሌሊት አያሸሽም፤ በየዓመቱ አንድ ትልም እየጨመረ ያርሳል፣ ከዚያም ድንጋዩን ወደ ታረሰው ያስጠጋል፣ ልጆቹም አዲሱን ወሰን የአባታቸው ርስት አድርገው ያድጋሉ። (ትልም የሚለውን ቃል ገበሬው ለማረሻው መስመር፣ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ደግሞ ለታሪክ ሴራ፣ ማለትም ለድርጊቶቹ ሰንሰለት፣ ይጠሩበታል፤ ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም።) ዘዳግም 27፥17 የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈርሰውን ይረግማል፤ የደራሲው ድርሻ ግን እርግማኑን መድገም ሳይሆን ሰውየው በዚያ ማሳ ላይ ሲያርስ በሬዎቹን የት ላይ እንደሚያዞር ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ንስሐ ራሱ የታሪኩ ሴራ ይሆናል። የሰው ንብረት ይዞ የመጣን ሰው የንስሐ አባቱ ጾምና ስግደት ብቻ ሰጥተው አያሰናብቱትም፤ የወሰድኸውን መልስ ይሉታል። በሉቃስ 19፥8 ዘኬዎስም የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሰውየው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲወጣ ምን ይጠብቀዋል? ሚስቱ «ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ትላለች፤ ታላቅ ልጁ በዚያ መሬት ላይ ጎጆ ለመውጣት አስቧል፤ የተበደለው ጎረቤት ሞቶ ወራሹ ቂመኛ ጎረምሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሽማግሌ ቢልክ ደግሞ ለሃያ ዓመት የተከበረበት ስሙ በአንድ ቀን ይወድቃል። መጽሐፉን የሚሞላው ይህ ነው እንጂ እንባው አይደለም፤ እንባውን በአንድ ዐረፍተ ነገር እለፉት።

ካህኑን በጥንቃቄ ሣሉት። ኑዛዜ የሰሙ ካህን ምሥጢሩን ለማንም አያወጡም፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰው የገበሬውን ኃጢአት ከካህኑ አፍ እንዲሰማ ያደረገ ደራሲ አንባቢውን ከዚያች ገጽ ጀምሮ ያጣዋል። ወሬው መውጣት ካለበት በሌላ በኩል ይውጣ፤ ለምሳሌ እረኛ ልጅ ሌሊት ድንጋይ ሲንከባለል ሰምቶ ይሆናል። ካህኑም ሰው ናቸው፤ ምናልባት የእርሳቸው ወንድም ከዚያው መሬት ተካፋይ ነው። የወንጌላውያን አማኞችን ሕይወት የሚጽፍ ሰው በዚህ ቦታ በጉባኤ ፊት የሚሰጥ ምስክርነትን ሊያመጣ ይችላል፤ የመመለሱ ግዴታ ግን በዚያም አይቀርም።

መቼቱ፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ በአጽዋማትና በበዓላት ይቆጠር። በመንዝና በተጉለት ደጋ የበልግ እርሻ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ የ55 ቀኑን ጾም የያዘ ገበሬ ባዶ ሆዱን በርኖሱን ደርቦ በብርዱ ሲያርስ የሚያስበው ነገር ከጠገበ ሰው ሐሳብ ይለያል። ረቡዕና ዓርብ ወተት የሚጠጣ ጾመኛ ብትጽፉ አንባቢ ይስቅባችኋል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ጾም የለምና ያን ጊዜ የሚጾም ብትጽፉም እንዲሁ ነው። ቀጠሮ «በመጪው ሚካኤል» ይባል እንጂ በቁጥር ብቻ አይነገር። ምልልሱም «ይፍቱኝ አባ» ብሎ የሚጀምር ሰው በድንበር ሲጣላ «ሚካኤልን!» ብሎ እንደሚምል ያስታውስ።

ስለ ተአምር አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በቡልጋ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት 7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል፤ ይህ በቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ነው። እኛ የምንጽፈው ልብ ወለድ ነውና የፈጠርነውን ተአምር በታወቀ ቅዱስ ስም ማስገባት ታማኝነት አይደለም። በታሪካችሁ ላይ ከሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የተመለሰ ሕመምተኛ ቢኖር፣ መዳኑን በተራኪው አፍ ከማረጋገጥ ይልቅ ለገጸ ባሕርያቱ እምነትና ክርክር ተዉት።

አብነት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የመርሐቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ አውሮፓ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጨው በአባቱ ተዝካር ነው። የእምነት ጥያቄው የገባው በድግሱ በኩል ስለሆነ አንባቢው ክርክሩን ከመስማቱ በፊት ወጪውንና ይሉኝታውን ያውቀዋል። እውነት ለመናገር ኅሩይ አንዳንድ ጊዜ ምክሩን ያረዝሙታል፤ የድግሱ ጠብ ግን ዛሬም ሕያው ነው።

ረቂቁን ስትጨርሱ ለማኅበራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሰው ጠላውን የሚያነሣበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ብዙውን ጊዜ ስብከት የገባው እዚያ ነው። የመጨረሻውን ትዕይንት ደግሞ በደወልና በእልልታ አትሙሉት። እኔ ያንን ታሪክ እንደገና ስጽፍ ገበሬው ገና ሳይነጋ ከልጁ ጋር ወጥቶ ድንጋዩን ከመሬት ነቀለ፤ ልጁ በአንድ በኩል ያዘለት፤ የጎረቤቱ ውሻ ጮኸ፤ በሩም ተከፈተ።