ለአባባ ሙት ዓመት ታሪኩን እንዴት እንደጻፍነው

አባባ ያረፈ ቀን የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእድር ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ፣ ጉልበቴ ላይ፣ በሃያ ደቂቃ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ትዳር መሠረቱ። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።» ቀብሩ ላይ ተነበበ፤ ሰውም አለቀሰ። ማታ ታናሽ ወንድሜ ወረቀቱን አጣጥፎ «ይሄ እኮ የማንም አባት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። አባባ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ከአርባ ዓመት በላይ ልብስ ሰፍቷል። ወረቀቱ ላይ ግን መርፌ የሚል ቃል እንኳ የለም። ለሙት ዓመቱ ሌላ እንጽፍ ተባባልን። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካሰባችሁ፣ እኛ ተሳስተን የተማርነው ይጥቀማችሁ።

ከለቅሶው ጀምሩ። ከሰልስት በኋላ የሰዉ ግርግር ሲቀንስ፣ ድንኳን ውስጥ አምሽተው የሚቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ንፍሮ ይዘው ጨዋታ ይጀምራሉ። አንድ ትንሽ ደብተር ይዛችሁ ጥግ ላይ ተቀመጡ። አንድ አዛውንት እየሳቁ «ለሠርጌ ኮት ሰፋልኝና ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጎ ቆርጦት አረፈ፤ ያንኑ ለብሼ ተሞሸርኩ» አሉ። አባባ ገና ሙያውን ሲለምድ ነው። ለእኛ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም! ያን ማታ ባልጽፈው ኖሮ ጠዋት ላይ ግማሹ ይጠፋብኝ ነበር። አርባው ላይ፣ ተዝካሩ ቀን ግን ማንንም ለመጠየቅ አትሞክሩ። ቤቱ ሙሉ ነው፤ እናንተም ጠላ ስትቀዱ ነው የምትውሉት።

ከዚያ ሰው ቤት መሄድ ይመጣል። ስህተቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሄድኩባቸውን ሰዎች ሁሉ «አባባ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። ሁሉም «ኧረ እሱ መልአክ ነበር» አሉኝ። በመልአክ ምን ይጻፋል? ጥያቄውን ቀየርኩት። መጀመሪያ የት አገኙት? ምን ለብሶ ነበር? ሲናደድ ምን ይላል? ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ አፋቸው ተፈታ። ልጆቹንና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻም አትጠይቁ። ከእኛ ይልቅ አጠገቡ መኪና ዘርግተው ደንበኛ ይሻሙት የነበሩት ልብስ ሰፊ ብዙ ያውቃሉ። ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርግባትን የሳሙና ስባሪ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ዝናብ እንደመታው፣ ሱሪው አረፋ እያወጣ ቤቱ እንደገባ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

በስልክ ቅዱ፤ ግን በዚያው ቀን ለሁለት ሰው ላኩት። አክስቴ ስለ ልጅነታቸው አርባ ደቂቃ አውርታልኝ፣ ስልኬን በሳምንቱ ባጃጅ ውስጥ ተሰረቅሁ። ተመልሼ ስሄድ «አንዴ ነግሬሻለሁ፤ ደግሞ ሁለተኛ ልታስለቅሺኝ ነው?» አለችኝ። ከብዙ ልመና በኋላ ግማሹን ደገመችልኝ።

ዘመን ላይ ትቸገራላችሁ። የአባባ መታወቂያ 1928 ይላል። ቀበሌ ሲጠይቁት አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። እሱ ለእኛ «ጣሊያን እዚህ ጎንደር ላይ እጁን በሰጠ በዓመቱ» ነበር የሚለን። ያ የሆነው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ ስለዚህ 1935 አካባቢ መሆኑ ነው። ሰባት ዓመት ተዛነፈ ማለት ነው። ሽማግሌ ስትጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ። ከታወቀ ነገር ጋር አያይዙት። በ1969 ብር ሲቀየር ሱቁ ነበረው? በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ማን ተመዘገበ? በ77 ድርቅ? ደርግ በ1983 ሲወድቅስ ስንት ልጅ ነበረው? «እሷ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር» የሚል መልስ ከማንኛውም መታወቂያ ይሻላል። ውጭ አገር ላሉ የልጅ ልጆች ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው የሚደመረው። ኅዳር 1934 እነሱ ጋ ኖቬምበር 1941 ነው። የእህቴ ልጅ በሁሉም ላይ 8 ደምሮ አያቱን በአንድ ዓመት አሳነሰው።

ፎቶ ላይ አጭር ምክር አለኝ፦ ላሚኔት አታስደርጉ። አባባ በወጣትነቱ የተነሳውን ብቸኛ ጥቁርና ነጭ ፎቶ «እንዳይበላሽ» ብዬ አንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። በሙቀቱ ተኮማትሮ፣ ግንባሩ ላይ አየር ቋጥሮ መጣ። ላስቲኩን ልላጠው ብል ፊቱ አብሮ ሊነሳ ሆነ፤ ተውኩት። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ በስልክ አንሱት፤ ዋናውን ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

ልጆቹን አታርቋቸው። የአባባ የስፌት ሥራ የሚበዛው ከጥምቀት በፊት ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ ሰዉ ሁሉ በአንድ ሳምንት አዲስ ልብስ ይፈልጋል፤ አባባ ሌሊቱን መኪናው ላይ ያድራል። ጥር 11 ግን እንቅልፍ በዓይኑ እየዞረ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይሄዳል። የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንደ ጣት ጨብጦ የወረደበት አንድ ቦታ አለ፤ ሁሌ እዚያ ይቆማል። የልጅ ልጆቹን እዚያ የወሰድናቸው በበዓሉ ቀን አይደለም፤ በዚያ ግፊያ ማን ማንን ይሰማል። ሰው በሌለበት ቀን ሄድን። ትንሹ ልጅ «አባባ እዚህ ሆኖ ውኃውን አያይም ነበር፤ የሰውን ልብስ ነበር የሚያየው፤ ያን እኔ ነኝ የሰፋሁት እያለ ይቆጥርልኝ ነበር» አለ። ማንኛችንም አናውቅም ነበር።

ከባዱ ነገር ጠቡ ነው። አባባ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ይጻፍ ወይስ ይቅር? እናቴ «የሞተ ሰው ገመና አይወጣም» አለች። እኔ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ረቂቁን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ጻፊው፤ ግን በእናታችን ለቅሶ እንደታረቅን፣ ቀድሞ የሳመኝም እሱ እንደሆነ ጻፊ» አሉኝ። እንደዚያው ጻፍኩ። የሚመለከተው ሰው በሕይወት ካለ ሳትጠይቁት አትጻፉ፤ እንቢ ካለም ተዉት።

ሲያልቅ ከቤተሰቡ በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አክስቴ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ «በቅሎ እንጂ አህያ አልነበረንም!» ብላ አስቆመችኝ። ለድንኳን የሚነበበው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ይሁን፤ ወጥ ከወጣ በኋላ የሚሰማ የለም። ረጅሙን አባዝታችሁ ለየቤቱ ስጡ። የክርስትና ስሙን ከላይ ጻፉ፤ ቄሱ ለፍትሐቱ ይጠይቋችኋል፤ የእኛ ቤት ልጆች ግማሹ አያውቁትም ነበር።

እሱ ራሱ የጻፈው ነገር ካለ ደግሞ ፈልጉት፤ የእድር ደብተርም ቢሆን፣ የዱቤ መዝገብም ቢሆን። እኛ ከመኪናው መሳቢያ የልክ ደብተሩን አገኘን። ደንበኞቹን በስም አይጽፍም። «ረጅሙ መምህር፣ ትከሻ 47።» «የአዘዞው ወታደር፣ ወገብ 78፣ ይከሳል።» ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ወታደር፣ «ወገብ 91።» ስትገለብጡት ፊደሉን አታርሙ፣ የጎደለውንም አትሙሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የትንሹ የልጅ ልጁ ልክ አለ፤ ለጥምቀት ሊሰፋለት ነበር። ትከሻ 31፣ ደረት 64 ይላል። እጅጌ ይልና ጎኑ ባዶ ነው። እኛም ባዶውን እንደነበረ አተምነው።