አንድ ፊልም ለአምስት መምህር

በፊልም ማስተማርን መጀመሪያ ስሞክረው ጉድ ሆኛለሁ። ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አጭቄ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ላሳይ ብዬ፣ ልክ ወደ ማለቂያው ሲደርስ መብራት ድርግም! ጎንደር ነን፣ ምን ይደረጋል። በማግስቱ «ምን ተማራችሁ?» ስላቸው «ቲቸር፣ ውሻው ሞተ» አሉኝ። በቃ፣ ሌላ የለም።

አሁን ቆራርጬ ነው የማሳየው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» ይባላል፤ እኛ ክፍል «ነፋስን የገራው ልጅ» እንለዋለን። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ዳይሬክተሩ ቺዌቴል ኤጂዮፎር። ታሪኩ የማላዊ ነው፣ እውነተኛ ታሪክ። ዊልያም ካምኳምባ የሚባል ልጅ ረሃብ ገብቶ ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ ያቅተውና ከትምህርት ይቀራል፤ ከዚያ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍና ከወዳደቀ ብረት በነፋስ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሠራል።

ርዝመቱ 113 ደቂቃ ነው። ሙሉውን ላሳይ ካላችሁ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ ማንስ ይሰጣችኋል? ስለዚህ መጀመሪያ ቤታችሁ ብቻችሁን እዩት፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ። ደቂቃውን ጻፉ። ከዚያ ስታፍ ውስጥ ሻይ እየጠጣችሁ ተከፋፈሉት፤ ለአንድ መምህር ከስምንት ደቂቃ በላይ አያስፈልገውም።

ለፊዚክስ የዳይናሞዋ፣ ማለትም የብስክሌት መብራት የምታበራው ትንሿ ማመንጫ፣ ትዕይንት ወርቅ ናት። ልጁ የመምህሩ ብስክሌት ሲሄድ መብራቱ እንደሚበራ ልብ ይላል። እዚያ ላይ ቀጥ አድርጉት። ከብስክሌት ጠጋኝ ዳይናሞ ያለው አሮጌ ብስክሌት ለምኑና ክፍል አስገቡት፤ ገልብጣችሁ አቁሙትና አንድ ልጅ ፔዳሉን በእጁ ያዙረው። ቀስ ሲል አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሲፈጥን ይደምቃል። የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ሁሉ ተነስቶ ይመጣል። ውስጡ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅልል አጠገብ እንደሚሽከረከር የምትነግሯቸው ያኔ ነው፣ ቀድማችሁ ካላችሁት ማንም አይሰማም። ብስክሌቱ ገና ሳይወጣ የሒሳብ መምህሩ ይግባና ሰንሰለቱ የሚይዝባቸውን ጥርሶች ያስቆጥር፦ የፊቱ 48፣ የኋላው 16 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ስንት ጊዜ ይዞራል?

ጂኦግራፊ ዛፎቹ የሚቆረጡበትንና ጎርፉ የሚመጣበትን ይውሰድ። ማላዊ ሩቅ ነው የሚል ተማሪ ካለ አንገረብን ጥሩለት። ጎንደርን የሚያጠጣው ግድብ በደለል የሚቸገረው ያ ሁሉ አፈር ከየት እየታጠበ መጥቶ ነው? መልሱን እነሱ ይፈልጉት፤ የዙሪያውን ተራራ የሚያውቁት ከናንተ በላይ ነው።

ለቋንቋ ደግሞ ልጁ የአባቱን ብስክሌት የሚጠይቅበት ቦታ አለ። ቤቱ ያለው ብስክሌት ያው አንዱ ነው፣ ልጁ ደግሞ ሊፈታታው ነው የሚፈልገው። አባትየው ሳይመልስ አቁሙትና መልሱን ይጻፉ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የኛ ልጆች ለአባት እንዲህ ተብሎ እንደማይነገር ሲከራከሩ ግማሹ ሰዓት ያልቃል፣ ግን ይለቅ።

የመንደሩ አለቃ የሚደበደብበትን ለትንንሾቹ እለፉት። የውሻውንም ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እኔ ሳልነግራቸው ቀርቼ አይታችኋል። ላፕቶፑን ከቤት ሞልታችሁ ኑ፣ ፊልሙ ፍላሽ ላይ ይኑር፣ ስፒከር አትርሱ። ፕሮጀክተር ከሌለ በቡድን በቡድን ላፕቶፑ ዙሪያ ይሰብሰቡ፤ አጭር ትዕይንት ስለሆነ ይዳረሳል።

ታሪክ መምህሩ መጨረሻ ይግባ። ፊልሙ ላይ ማመንጫው ውሃ ስቦ ማሳውን ያጠጣል። እውነቱ ግን የዊልያም የመጀመሪያ ሥራ አምፖልና ሬዲዮ ነው ያስነሳው፣ ውሃው በኋላ ነው የመጣው። ይህን ስትነግሯቸው «ታዲያ ለምን ዋሹን?» ይላሉ። ቶሎ አትመልሱ። ጠመኔውን አስቀምጡና ይከራከሩበት።