ላዳዋ ባትሪ ከቀቀለች ዲናሞ ለመግዛት አትሩጡ

መኪናዋ ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች። ቀይዋ የባትሪ መብራት አትበራም። የባትሪው ውሃ ግን በየሳምንቱ ይጎድላል። ኮፋኖው ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ማታ ነዳጅ ስትሰጡ የፊት መብራቱ ነጭ ይሆንና አምፖሉ ይቃጠላል።

አዳማ ላይ በአሮጌ ላዳዎች ደጋግሜ የማየው ይሄን ነው። ዲናሞው ባትሪውን ከልክ በላይ እየሞላው ነው። ቀይዋ መብራት የምትናገረው ቻርጅ ሲያንስ እንጂ ሲበዛ አይደለም።

ሞተሩ ሲሞቅ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ባትሪው ላይ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ጤና ነው። 15 ካለፈ ባትሪው እየተቀቀለ ነው፤ የከተማችን ሙቀት ደግሞ ያብስበታል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ማሳ ነው፤ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ቆርቆሮ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር ነው። የድሮዋ ላዳ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ለብቻው ኮፋኖ ስር ቦዲው ላይ ይታሰራል። ማሳ የሚያገኘው በራሱ ቆርቆሮ ነው። ማሳው ሲደክም ሬጉሌተሩ ቮልቱን አሳንሶ ያያል፤ ባትሪው ያልሞላ መስሎት ዲናሞውን ያስጨንቀዋል።

ከወንጂ የመጣች አንዲት ላዳ በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ ጨርሳ ነበር። ዲናሞም ተቀይሮላታል። ሬጉሌተሩን ስፈታው ከስሩ ወፍራም አዲስ ቀለም አገኘሁ። ቀለም ስትቀባ ነቅለውት፣ ቀለሙ ላይ መልሰው አስረውት ኖሯል! ቡሎኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ ቆርቆሮው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። 15.8 የነበረው 14.2 ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ያወጣውን ብር ሳስበው አንጀቴን በላኝ።

እናንተም ሞተሩ እየሰራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሬጉሌተሩ አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ፍቁት። ማሳው ደህና ከሆነ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ሂዱ። ሬጉሌተሩ ቮልቱን የሚያነበው በዚያ በኩል ነው፤ የዛገ የፊውዝ መያዣም ያንኑ በሽታ ያመጣል። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ ሬጉሌተሩን ቀይሩ። ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ 15 የሚሰጥ ርካሽ ዕቃ አለ፤ አስራችሁ ሳትለኩ አትመኑት።

ቻርጅ ካነሰ ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እና ካርቦኑን (ዲናሞው ውስጥ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን) እዩ። የድሮ ቮልስ ከሆነች ግን ቀይዋ መብራት መንገድ ላይ እንደበራች ወዲያው ቁሙ። ያው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ፋን ነው የሚያዞረው።

ሞተር እየሰራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞ መሞከርን ተዉ፤ በላዳ ዲናሞ ውስጥ ያሉትን ዳዮዶች ያቃጥላል። ባትሪው አጠገብ ሲጋራ አታጭሱ፤ ሲቀቀል የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። የጎደለውን በተጣራ የባትሪ ውሃ ሙሉ። የተነነው ውሃው ነውና አሲድ አትጨምሩ።