የፕላኔት ሰንጠረዥ ስትገዙ ይህን ገጽ ግለጡ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር አሮጌ መጽሐፍ ሲገላበጥ ለኮከብ ቆጠራ የሚሆን የፕላኔቶች ሰንጠረዥ ካጋጠማችሁ፣ ለሽፋኑ አትጓጉ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ላይ ግለጡት፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ቀን 2020 ነው። በዚያ ዕለት ጁፒተርና ሳተርን ደለዊ (አኳሪየስ) ኮከብ መግቢያ ላይ፣ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይሞሉ ተገናኝተዋል። ከደለዊ በፊት ባለው ኮከብ፣ በጀዲ (ካፕሪኮርን)፣ 6ኛ ዲግሪ አካባቢ ካገኛችኋቸው መጽሐፉ የሕንድን ስሌት የተከተለ ነው፤ ስሕተት አይደለም፣ ግን ከምዕራባውያኑ ጋር አትቀላቅሉት።

ቀጥሎ የገጹን ራስጌ አንብቡ። ቁጥሩ የእኩለ ሌሊት ነው ወይስ የእኩለ ቀን? ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ይህን ያምታታ ሰው 6 ዲግሪ ተኩል ይስታል። እኔ ራሴ የእኅቴን ልጅ ጨረቃ በዚሁ ምክንያት ሌላ ኮከብ ውስጥ ከትቼ፣ ጠባይዋን ስተነትን ከርሜያለሁ!

ሰዓቱ የእንግሊዟ ግሪንዊች ነው። ድሬዳዋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተወለደ ልጅ በሰንጠረዡ፣ በፈረንጆቹ የሰዓት አቆጣጠር፣ 6 ሰዓት ላይ ይፈለጋል፤ በቀኑ ሰዓታችን ላይ 3 መደመር ነው።

ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ 3ን እና 8ን በደንብ ካልለያችሁ ዋጋው ቢረክስም አትውሰዱት።