እሺ ከማለት በፊት፦ ውጭ አገር ለማስተማር ስንነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሚያዝያ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች ትንሽ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ስልኳን አውጥታ ከአረብ ኤምሬቶች የመጣላትን የቅጥር ደብዳቤ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ እስከ ነገ ማታ መልስሽን አሳውቂ ብለውኛል» አለች። ከደብዳቤው ውስጥ ዓይኗ የቀረው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ 5,500 ድርሃም። ከዓመታት በፊት እኔም ሒሳብ ለማስተማር ከኤምሬቶቹ አንዷ ወደሆነችው ሻርጃ የሄድኩት አንድ ቁጥር ብቻ አይቼ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ። መሄዴን አልጠላውም፣ ሂዱም አትሂዱም አልልም። ሳይጠይቁ መፈረም ግን ምን እንደሚያስከፍል ስለማውቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ባልደረቦቼ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ደመወዙን በብር መንዝሮ መወሰን

ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ። የእኛ ብር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ዛሬ የትኛውንም የባሕረ ሰላጤ ደመወዝ በብር ብታባዙት ልብ ይሰቅላል። ኪራዩ፣ ታክሲው፣ አስቤዛው ግን የሚከፈለው በድርሃም ነው።

ትልቁ ወጪ ቤት ነው። ኤምሬቶች ውስጥ ኪራይ በአብዛኛው የብዙ ወራቱ በቼክ ይጠየቃል። አዲስ የገባ መምህር ያን ስለማይችል «ቤድ ስፔስ» የሚሉትን ይከራያል፤ አንድ አልጋ ብቻ ማለት ነው። እኔ ከሦስት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ስኖር የተማሪ ደብተር የማርመው አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ትራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። መብራቱ በአራት ሰዓት ስለሚጠፋ የቀረውን በስልክ ባትሪ እጨርሳለሁ። ትምህርት ቤቱ ቤት ይሰጣል ወይስ አበል? ቤት ከሰጠ ለብቻ ነው ወይስ በጋራ? ይህን ሳታውቁ የደመወዙን ልክ አላወቃችሁም።

ደግሞ የቤተሰቡ ወጪ አለ። «ውጭ ነው ያለው» ከተባለ በኋላ ሠርጉም፣ ሰደቃውም፣ የታመመ ዘመድም ወደ እናንተ ያያል። ወገን ነውና አይቀርም፤ በወር ይህን ያህል እልካለሁ ብላችሁ ቁርጡን ከመሄዳችሁ በፊት ከባለቤታችሁና ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጠቅላላውን አይቶ መሠረታዊውን መዝለል

የመምህርቷን ደብዳቤ ወደ ታች ስናወርደው 5,500ው ተከፋፍሏል፦ መሠረታዊ ደመወዝ 2,200፣ ቀሪው የቤት፣ የትራንስፖርትና «ሌላ» አበል። ምን ለውጥ አለው ትሉ ይሆናል። በኤምሬቶች የሠራተኛ ሕግ መሠረት ቢያንስ አንድ ዓመት ያገለገለ የውጭ አገር ሠራተኛ ሲሰናበት የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላለት በመሠረታዊ ደመወዙ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ የ30 ቀን። ሶፍት ላይ አብረን አሰላነው። 2,200 ለ30 ሲካፈል፣ በ21 ሲባዛ፣ ለአንድ ዓመት 1,540 ድርሃም ይመጣል። የሁለት ዓመት ውሏን ጨርሳ ስትወጣ 3,080 ማለት ነው። መሠረታዊው 3,300 ቢሆን ኖሮ ግን ጠቅላላው ሳይጨምር 4,620 ይደርሳል። «ይሄን እኮ ማንም አልነገረኝም» ብላ ሶፍቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሁለተኛው ጥያቄ ደመወዙ የ12 ወር ነው ወይስ የ10 የሚለው ነው። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት እንደተዘጋ የሐምሌና የነሐሴ ክፍያ የለም ተባልኩ፤ ውሉን ሳገላብጥ በእርግጥም «ለትምህርት ወራት» ይላል። ሁለቱን ወር በጓደኛ ብድር ነው የበላሁት። የወር ክፍያው ስንት ጊዜ በዓመት እንደሚገባ በጽሑፍ አስመልሱ። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደምታስተምሩ፣ የቀረ መምህር ክፍል መሸፈን ግዴታ መሆኑን፣ የሙከራ ጊዜው ስንት ወር እንደሆነም እንዲሁ። ኤምሬቶች ውስጥ የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር ማለፍ አይችልም።

«በጉብኝት ቪዛ ግባ፣ እዚያ እናዞረዋለን» የሚለውን ማመን

ይህን የሚል ትምህርት ቤት ወይም ደላላ ካጋጠማችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ የሥራ ፈቃዱ ሳይወጣ አትነሱ። በጉብኝት ቪዛ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው፤ ሲያዝ የሚቀጣው ደግሞ አስተማሪውም ጭምር ነው። ቻይናም እንዲሁ ነው፤ ለሥራ የሚሰጠው «ዜድ» (Z) ቪዛ የሚባለው ሲሆን በቱሪስት ወይም በንግድ ቪዛ ክፍል መግባት አይፈቀድም። ለእንግሊዝኛ መምህርነት ቻይና በመደበኛው መንገድ የምትጠይቀው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች የመጡትን ነው። ስለዚህ «ለኢትዮጵያዊም ይሆናል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ስለ ቪዛው ዓይነት ጠይቁ። ታይላንድን በሚመለከት ልቤ ይፈራል። «ባንኮክ ሥራ አለ» ተብለው ሄደው ድንበር ተሻግረው ማይናማር ውስጥ በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ከተዘጉት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፤ በ2017 ዓ.ም. ሲለቀቁ ሁላችንም ሰምተናል።

ለቅጥሩ ገንዘብ መክፈል

የአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። «ቦታ ማስያዣ» የሚል ክፍያ የለም። ኤጀንሲ ካለ ፈቃዱን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሩ።

ሰነዱን ለመጨረሻ ሳምንት መተው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወድቋል። ብዙዎቻችን በእጃችን ያለው ጊዜያዊ ዲግሪ ነው፤ ዋናው የወጪ መጋራቱ ሳያልቅ አይሰጥም። የውጭ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚፈልገው ዋናውን፣ ያውም የተረጋገጠ። ሰነዱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ወደ ተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይሄዳል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ጉዞ አይጨረስም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስማችሁን ተመልከቱ። የእኛ አገር ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው። ሰይድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ በ«ኤ» እና «አይ»፣ ዲግሪው ላይ በ«ኤ» እና «ዋይ»፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በሌላ። መሐመድ አንዱ ጋ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው ጋ በሁለት። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤምባሲው ሁለት ሰው ነው። ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። ልዩነት ካለ አሁኑኑ እርማት ጀምሩ። ከመምህርነት ትምህርት ውጭ በሆነ ዘርፍ የተመረቃችሁም ፒጂዲቲያችሁን (ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠውን የማስተማር ዲፕሎማ) አብራችሁ ያዙ፤ የማስተማር ሥልጠና ማስረጃ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

ትምህርት ቤቱን በድረ ገጹ ፎቶ መገመት

የመዋኛ ገንዳውን አትዩ። ዱባይ ውስጥ ካለ፣ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው የእውቀትና የሰው ልማት ባለሥልጣን የቁጥጥር ሪፖርቶቹን ለሕዝብ አውጥቷቸዋል፤ ከ«እጅግ የላቀ» እስከ «በጣም ደካማ» የሚል ደረጃ የተሰጠባቸው ናቸው። ከሪፖርቶቹ ውስጥ በየዓመቱ ምን ያህል መምህር እንደሚለቅ የሚያሰፍሩ አሉ። እኔ ብሆን ከደረጃው በፊት እሱን ነው የማየው። አቡ ዳቢም የራሱን ሪፖርት ያወጣል። ከዚያ አሁን እዚያ ከሚያስተምር ሰው ጋር አገናኙኝ በሉ። ከዳይሬክተሩ ጋር ሳይሆን ከመምህር ጋር። እምቢ ካሉ ያም መልስ ነው።

ቤተሰብን በኋላ አመጣለሁ ማለት

ኤምሬቶች ውስጥ ቤተሰብ ለማስመጣት ቢያንስ 4,000 ድርሃም ደመወዝ፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ቤት ጋር ይጠየቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ ለመምህር ልጅ ቅናሽ ካለ ውሉ ላይ ይጻፍ።

በሩን ዘግቶ መሄድ

ክረምት ላይ ድንገት ጠፍቶ መስከረም ላይ «ሄዷል» የሚባል መምህር በየትምህርት ቤቱ አለ። የሥራ መልቀቂያ ሳያስገባ፣ ክሊራንስ ሳይጨርስ። ስትመለሱ የሥራ ልምዳችሁን የሚጽፍላችሁ ያው ቢሮ ነው። ጡረታም አለ፤ አሥር ዓመት ያልሞላ አገልግሎት የዘላቂ አበል መብት አያስገኝም። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ያላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ማኅበራዊ ዋስትና ሄዳችሁ አስልታችሁ እወቁ። ለተማሪዎቹም ቢሆን፣ የሚተካ ሰው እስኪገኝ ድረስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ያለ ኬሚስትሪ ሲከርሙ አይቻለሁ።

መምህርቷ በዚያው ማታ እሺም እምቢም አላለችም። አምስት ጥያቄ ጽፋ ላከች፤ «ለመወሰን አሥር ቀን እፈልጋለሁ» የሚል ጨመረችበት። ዕድሉ ያልፋል ብላ ተጨንቃ ነበር። በአራተኛው ቀን መሠረታዊውን ወደ 3,300 ከፍ አድርገው፣ ደመወዙ የ12 ወር መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጠው መለሱላት። ስለ ቤቱ ግን እስካሁን ዝም ብለዋል። እሷም አልፈረመችም፤ ባለፈው ሳምንት ሳገኛት የዲግሪዋን ስም ለማሳረም ወደ ሬጅስትራር እየሄደች ነበር።